ከጅማ ወደ ጅግጅጋ ለማስተማር ቤተሰብ ይዘን ልንሄድ ነው፣ ወረቀቱን ከየት ልጀምር?

እናት መምህርት (ጅማ)፣ ግንቦት 11

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እኔ ጅማ ከተማ አንድ የመንግስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለው። በመንግስት 7 አመት፣ ከዛ በፊት ደሞ በግል ትምህርት ቤት 2 አመት፣ ባጠቃላይ 9 አመት ቾክ ይዣለው። ጅግጅጋ በወጣ ማስታወቂያ ተወዳድሬ አለፍኩና ደብዳቤ መጣልኝ፣ እስከ ነሐሴ 20 ሪፖርት አድርጊ ይላል። በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ታላቅ እህቴ እዛ ነው ምትኖረው፣ እኔና እሷ አንድ ከተማ ከኖርን 14 አመት አለፈን፣ ባለቤቴም እንሂድ ብሎ ቆርጧል።

ብቻዬን ብሆን በአንድ ሻንጣ እሄድ ነበር፣ ግን ባል አለ 3 ልጅ አለ። ትልቋ 8ኛ ክፍል ናት፣ ሰኔ ላይ ክልላዊ ፈተና ትፈተናለች። ወንዱ 3ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ነው ሚማረው። ትንሿ ገና 7 ወሯ ነው። ባለቤቴ እዚሁ ጅማ መርካቶ ጋር ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ አለችው፣ በራሱ ስም ንግድ ፈቃድ አውጥቶ ነው ሚሰራው።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ይሄ ነው። ጅግጅጋ ያሉት ክሊራንስ (ከንብረትና ከእዳ ነጻ ነሽ ሚለውን ወረቀት) ካላመጣሽ ቅጥሩን አንፈጽምም አሉኝ። እዚ ያሉት ደሞ የትምህርት አመቱ ሳያልቅ፣ ማርክ ሮስተር (የተማሪዎቹን ውጤት መዝገብ) ሳታስረክቢ ክሊራንስ ሚባል ነገር የለም አሉኝ፣ ሮስተር ደሞ ሰኔ መጨረሻ ነው ሚዘጋው። እሺ መልቀቂያ አስገብቼ ለቀኩ እንበል፣ እዛ ደርሼ አንድ ወረቀት ጎደለሽ ቢሉኝስ? ከዚም ከዛም ሆንኩ ማለት ነው፣ 3 ልጅ ይዤ።

ትላንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያለኝን ወረቀት በሙሉ ከቁምሳጥን አውጥቼ አልጋ ላይ ዘረጋሁት። ዲግሪዬ አለ፣ ስቱደንት ኮፒ አለ፣ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ግን አስልኬ አላቅም። የግል ትምህርት ቤቱ የስራ ልምድ አለ፣ ግን ከዚህ አመት እስከዚህ አመት ብቻ ነው ሚለው ቀንም ወርም የለውም፣ ትምህርት ቤቱ ደሞ አሁን ባለቤት ቀይሯል። የልደት ሰርተፍኬት ያላት ትንሿ ብቻ ናት። የትልልቆቹ የሆስፒታል ካርድና የክትባት ካርድ ነው ያለው። እኔና ባለቤቴ በሽማግሌ ነው የተጋባነው፣ ፎቶ አለን ሰርተፍኬት የለንም። ባለቤቴ መሃል ላይ ነቅቶ ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ እንባዬ መጣ።

ከጅማ ወጥቶ ሌላ ክልል ያስተማረ፣ ወይ እዛው ጅግጅጋ ያለ ሰው፣ ቅደም ተከተሉን ንገሩኝ። የቱ ይቅደም? የልጆቹስ ትምህርት እንዴት ይሆናል?


የሂርማታ ልጅ፣ ግንቦት 11

እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ በሰው ሃብት ክፍል ነው ምሰራው፣ በየአመቱ እንዳንቺ አይነት ጭንቀት ይዞ ሚመጣ ሰው አያለው። በመጀመሪያ ደረጃ መልቀቂያ እንዳታስገቢ። ደግሜ ልበልሽ፣ አሁን መልቀቂያ እንዳታስገቢ።

ከመንግስት መስሪያ ቤት ወደ መንግስት መስሪያ ቤት ስለሆነ ምትሄጂው መንገዱ ሌላ ነው። ጅግጅጋ ያለው ተቀባይ መስሪያ ቤት ለአንቺ መስሪያ ቤት "ትለቀቅልን" ብሎ ደብዳቤ ይጻፍ፣ ደብዳቤው ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ይኑረው። እዛ ላይ መቼ ሪፖርት እንደምታደርጊ፣ በምን ደረጃ እንደምትመደቢ ይገለጽ። ያንን ይዘሽ ትምህርት ቤትሽ ሳይሆን የቀጠረሽ ትምህርት ጽህፈት ቤት ነው ምትሄጂው፣ ርዕሰ መምህሩ ብቻውን ሊለቅሽም ሊይዝሽም አይችልም። እነሱ ደሞ የትምህርት አመቱ ሲያበቃ ከዚህ ቀን ጀምሮ ትለቀቃለች ብለው መልስ ይጽፋሉ። ያ መልስ ላንቺ ዋስትናሽ ነው፣ ክሊራንሱ ሰኔ መጨረሻ ቢደርስም ጅግጅጋ ያሉት እስከዛ ቦታውን ይዘው መጠበቅ ይችላሉ።

በዚህ መንገድ ከሄድሽ አገልግሎትሽ አይቋረጥም። የግል ማህደርሽ ይላካል፣ ጡረታሽም በዛው መለያ ቁጥር ይቀጥላል። ካንቺ ደሞዝ 7 ፐርሰንት፣ ከመስሪያ ቤቱ 11 ፐርሰንት እየገባ የነበረው እዛም ሄዶ እንደዛው ነው። ዝም ብለሽ ለቀሽ እንደ አዲስ ከተቀጠርሽ ግን የሙከራ ጊዜም አለ፣ የደረጃ እድገትሽም ከየት ይቆጠራል ሚል ክርክር ይመጣል። ድንገት ትለቀቅልን አንጽፍም ካሉሽ ብቻ ነው መልቀቂያ ምታስቢው፣ እሱም የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ስለሚፈልግ ቀኑን ከነሐሴ 20 ወደኋላ ቁጠሪ።

ክሊራንስ ላይ ሰው ሚያስበው ፊርማ ማስሞላት ብቻ ነው፣ እሱ እኮ የሁለት ቀን ስራ ነው። ላይብረሪ፣ ንብረት ክፍል፣ ቤተ ሙከራ፣ ፋይናንስ። ባዮሎጂ ስለሆንሽ የቤተ ሙከራው ነገር ላይ ጠንቀቅ በይ፣ ማይክሮስኮፕ ወይ ማስተማሪያ ሞዴል በስምሽ በሞዴል 22 (በንብረት ማውጫ ቅጹ) ወጥቶ ከሆነ ዛሬውኑ ቆጥረሽ አስረክቢና መመለሻ ወረቀት ተቀበዪ። ሰው ሚያዘው ግን ሌላ ቦታ ነው፣ ቁጠባና ብድር ማህበር። ያንቺ ብድር ባይኖር እንኳን ለሌላ ሰው ዋስ ሆነሽ ፈርመሽ ከሆነ አይለቁሽም። ነገ ጠዋት መጀመሪያ እዛ ሂጂ።

የስራ ልምድ ወረቀትሽ ላይ ደሞ እነዚህ መኖራቸውን እዪ፣ ከቀን ወር አመት እስከ ቀን ወር አመት፣ የስራ መደብ፣ ደሞዝ፣ ምን እንዳስተማርሽና ለምን ክፍል። የግል ትምህርት ቤቱ ላይ ደሞ የስራ ግብር ተቆርጦ ገቢ መደረጉ ካልተጠቀሰ አብዛኛው የመንግስት መስሪያ ቤት ልምዱን አይዝልሽም። ባለቤት ቢቀይርም ደሞዝ የተከፈለበት ሰነድ ገቢዎች ጋር በድርጅቱ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ስር ስላለ ከዛ ማስረጃ መጠየቅ ይቻላል። 2 አመት ቀላል አይደለም፣ አትተዪው።


እናት መምህርት፣ ግንቦት 13

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ ቁጠባና ብድር ሄድኩ። ልክ ነህ። ከ3 አመት በፊት ለአንዲት የስራ ባልደረባዬ ዋስ ሆኜ ፈርሜ ነበር፣ ፍጹም ረስቼዋለው፣ ልጇ ታሞባት ነበር ያኔ። መዝገቡን ገልጠው የራሴን ፊርማ ሲያሳዩኝ እጄ ቀዘቀዘ። 8 ወር ይቀራታል። ደወልኩላት፣ አጋሮ ነው አሁን ያለችው፣ አይዞሽ ሌላ ዋስ አምጥቼ እተካለው አለችኝ። ልጅ ታሞ የተፈረመ ነው፣ ዛሬም ቢመጣ እፈርማለው፣ ግን እንኳን አሁን አወኩ።


ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፣ ግንቦት 13

ልጄ፣ የሂርማታው ልጅ የጻፈልሽ ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። 31 አመት በትምህርት ስራ ላይ ነበርኩ፣ ብዙ መምህር ሸኝቻለሁ ብዙም ተቀብያለሁ። ሰው የሚጉላላው ወረቀት ስለጎደለው ሳይሆን ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ ነው። አሁን ያን አልጋ ላይ የዘረጋሽውን ሁሉ እንደገና ዘርጊውና አንድ ነገር ብቻ ተመልከቺ፣ ስም። ዲግሪው፣ ትራንስክሪፕቱ፣ ፋይዳው፣ የጡረታው ካርድ፣ የባንክ ደብተሩ። የአባትሽና የአያትሽ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ አይነት ነው የተጻፈው? እኔ ዘንድ የመጣ አንድ የሂሳብ መምህር ዲግሪው ላይ የአባቱ ስም በአንድ ፊደል ከባንክ ደብተሩ ስለተለየ ደሞዙ 4 ወር ሳይገባለት ቆይቷል፣ ልጆቹን ይዞ እየተበደረ ነው የበላው፣ እስከዛሬ ያሳዝነኛል።

እኛ ኦሮሚያ ውስጥ ያለን ሰዎች ደግሞ የተለየ ጉዳይ አለን። ልጆቹ በቁቤ፣ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል ነው የሚመዘገቡት። የልጅሽ ስም በ"ጨ" የሚጀምር ቢሆን ቁቤ ላይ በሲ ብቻ ይጻፋል፣ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የተሞላ ሰነድ ላይ ደግሞ ሲ ኤች ይሆናል። "ጠ" ቁቤ ላይ ኤክስ ነው፣ ሌላው ሰነድ ላይ ቲ። አናባቢውም እንዲሁ፣ ድምጹ ሲረዝም በቁቤ ሁለት ጊዜ ይደረደራል። ለእኛ ያው አንድ ስም ነው፣ ቁቤ ለማያውቅ ጸሃፊ ግን ሁለት የተለያዩ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ለትልልቆቹ የልደት ሰርተፍኬት ስታወጪ አጻጻፉን ከትምህርት ቤት ካርዳቸው ጋር አስተያይተሽ አስጽፊ፣ ጸሃፊው ከመፈረሙ በፊት በዓይንሽ አንብቢው፣ ተቸኩሎ አይሰጥ።

ሰርተፍኬቱን በተመለከተ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ ነበር መመዝገብ ያለበት፣ አሁን ግን ዘግይቶም ይመዘገባል፣ አንቺና ባለቤትሽ መታወቂያችሁን፣ የሆስፒታል ካርዱንና ምስክሮች ይዛችሁ ወደ ቀበሌያችሁ ሂዱ። ጋብቻውንም እዚያው አስመዝግቡ፣ ያጋቧችሁ ሽማግሌዎች በህይወት ካሉ እነሱን ይዛችሁ ሂዱ። ይህን ሁሉ እዚህ ጅማ ጨርሺ። እዚያ ሄደሽ የጅማን ጋብቻ የሚመሰክርልሽ ሰው ከየት ታመጫለሽ?

ደግሞ ሰነዶቹን ላሚኔት አታስደርጊ። ሰው ለማሳመር ብሎ በፕላስቲክ ያስለብጠዋል፣ በኋላ ጀርባው ላይ ማህተም ሲያስፈልግ አይቀበልም።


እናት መምህርት፣ ግንቦት 14

ጋሼ እድሜ ይስጥልን። የትልቋ ልጄ ስም በእውነትም በጨ ነው ሚጀምረው! የትምህርት ቤት ካርዷ በሲ ብቻ ነው፣ ፋይዳ ላይ ደሞ ሲ ኤች ሆኗል፣ እስከዛሬ አንዴም አስተውዬው አላቅም። የልደት ሰርተፍኬቷን በየትኛው ላስጽፈው?


ማርዳ ማዶ (ጅግጅጋ)፣ ግንቦት 14

ሰላም መምህርት፣ እኔ የአጋሮ ልጅ ነኝ፣ ጅግጅጋ ሳስተምር 6ኛ አመቴ ነው፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቼም እዚሁ ናቸው። መጀመሪያ የልጅሽን ስም ጉዳይ ልመልስልሽ። ሲ ኤች አድርጊው። ለምን መሰለሽ፣ ሶማሊኛም እንደ ቁቤ በላቲን ነው ሚጻፈው ግን ፊደሎቹ ሌላ ድምጽ ነው ያላቸው፣ ሶማሊኛ ላይ ሲ ማለት "ዐ" ነው፣ ከጉሮሮ ሚወጣው አረብኛ ላይ ያለው አይነት፣ ኤክስ ደሞ "ሐ" ነው። የኔ ልጅ ስሙ በጨ ነው፣ መጀመሪያ ቀን መምህሩ ስም ሲጠራ በ"ዐ" ነው ያነበበው፣ ልጁ የሱ ስም መሆኑን ስላላወቀ ዝም አለ፣ ቀሪ ተባለ። ማታ ቤት መጥቶ አባ እኔ እኮ ነበርኩ ብሎ ሲያለቅስ አልረሳውም። ሰርተፍኬቱን ከፋይዳው ጋር አንድ አድርጊና ከትምህርት ቤቷ መሸኛ ላይ ደሞ ስሟ በሁለቱም አጻጻፍ እንዲገለጽ ጠይቂ፣ አንድ መስመር ነው፣ አይከለክሉሽም።

ትልቋ 9ኛ ስለምትገባ እድለኛ ናት፣ ከ9ኛ ጀምሮ ማስተማሪያው የትም ቦታ እንግሊዝኛ ነው። ለሷ ሚያስፈልጋት የ8ኛ ክፍል ውጤት፣ ካለፉት አመታት ሪፖርት ካርድ ጋር፣ ማህተም ያለው መሸኛ ነው። ግን የ8ኛ ውጤት እስክትሄዱ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ እዛ ሚቀር ሰው ያስፈልግሻል፣ ለሚያምኑት ሰው ውክልና ስጪ፣ ቃል በቃል "የልጄን የ8ኛ ክፍል ውጤትና ሰርተፍኬት ይቀበልልኝ፣ ከቀበሌ፣ ከትምህርት ቤትና ከዩኒቨርሲቲ ሰነዶችን ይጠይቅልኝ ይረከብልኝ" ብሎ ተዘርዝሮ ይጻፍ። ዝም ብሎ ጠቅላላ ውክልና ሲባል ብዙ ቦታ ይሄ ስልጣን አልተሰጠህም ይላሉ፣ ህጉም ጠቅላላ ውክልናን ለማስተዳደር ስራ ብቻ ነው ሚይዘው።

ከበድ ሚለው ወንዱ ላይ ነው፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። እዚህ የመጀመሪያ ደረጃ በሶማሊኛ ነው። ከተማው ውስጥ በአማርኛ ሚያስተምሩም በእንግሊዝኛ ሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶችም አሉ፣ ግን ቦታ በጊዜ ይሞላል። እህትሽ እዚህ ካለች ዛሬውኑ ደውዪላትና በአካል ሄዳ ሁለት ሶስት ቦታ ትጠይቅልሽ፣ ምን ወረቀት እንደሚፈልጉም ታጣራልሽ። እና አንድ ነገር፣ ልጁ አማርኛ ይናገራል ግን በቁቤ ነው የተማረው አይደል? ፊደል ያነባል? የኔ ልጅ ሲመጣ አፉ አማርኛ ነው እጁ ግን ቁቤ፣ አማርኛ ክፍል ገብቶ "ሀ ሁ" ላይ ተቀመጠ ከትናንሾች ጋር፣ በጣም ነው የተሰማው። ሐምሌን ሙሉ ፊደል አስቆጥሪው፣ በቀን ግማሽ ሰአት በቂ ነው፣ ከየትኛውም ሰነድ በላይ ነው ሚጠቅመው።

አይዞሽ ግን፣ አፋን ኦሮሞ ሚያውቅ ልጅ ሶማሊኛ ቶሎ ይገባዋል። 5 በሁለቱም "ሸን" ነው፣ 9 በሁለቱም "ሰጋል" ነው፣ 4 እዛ "አፉር" እዚ "አፈር"። የኔ ልጅ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከሱቅ መጥቶ አባ እነሱም ሸን ነው ሚሉት ብሎ ሲነግረኝ ፊቱ በራ። አሁን ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት ሚጮኸው በሶማሊኛ ነው።

ለትንሿ የክትባት ካርዷን ከእጅሽ እንዳትለዪው። 7 ወሯ ከሆነ የኩፍኝ ክትባቷ 9ኛ ወር ላይ ስለሆነ ሐምሌ ላይ እዛው ጅማ አስከትቢያትና አስመዝግቢ፣ ሁለተኛው 15ኛ ወር ላይ ነው እሱን እዚህ ጤና ጣቢያ ካርዱን አይተው ይቀጥሉላታል። ካርዱ ከጠፋ ግን የቱን እንደወሰደች ማንም አያቅም።

ስለ ከተማው ደሞ ሰው ሁሉ በረሃ ነው ይልሻል፣ አይደለም። ጅማ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት ጅግጅጋም 1,600 አካባቢ ናት፣ ማታ ማታ ይበርዳል፣ ጋቢያችሁን እንዳትጥሉ። ልዩነቱ ዝናቡ ነው፣ ጅማ ያለው አይነት ዝናብ እዚህ የለም፣ ውሃ ይጠፋል፣ ስለዚህ የውሃ ማጠራቀሚያ ያለው ቤት ተከራዩ። ልጆቹ መጀመሪያ አረንጓዴውን ነው ሚናፍቁት፣ የኔ ልጅ አባ ዛፉ የት ሄደ ነበር ያለኝ ከጅግጅጋ በፊት ያለውን የማርዳን ተራራ አልፈን ሜዳው ሲከፈት።


ሁለት ልጅ ያሳደገች፣ ግንቦት 15

እኔ ምለው ለምን አንድ ላይ ትጓዛላችሁ? አንቺ መጀመሪያ ሂጂ፣ 6 ወር እይው፣ ከዛ ልጆቹ ይከተሉ። የኔ ባል ወደ ሌላ ክልል ሲሄድ እንደዛ ነው ያደረግነው፣ ልጆቹ የትምህርት አመታቸውን እዚሁ ጨረሱ ምንም አልሆኑም። 7 ወር ህጻን ይዞ አዲስ ከተማ ቀልድ አይደለም።


እናት መምህርት፣ ግንቦት 15

እህቴ ምክርሽን አከብራለው፣ አስበንበታል። ግን ትንሿን ገና ጡት ነው ማጠባት፣ እሷን ትቼ አልሄድም፣ እሷን ይዤ ሁለቱን ትቼ ደሞ ባለቤቴ ብቻውን ሱቁንም ልጆቹንም አይችለውም። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ አባቴ ለስራ ሌላ አገር ነበር፣ በአመት አንዴ ለፋሲካ ነው ሚመጣው፣ ሲመጣ እንደ እንግዳ እናፍረው ነበር። ልጆቼ አባታቸውን እንደዛ እንዲያፍሩት አልፈልግም። አንድ ላይ ነው ምንሄደው።


የመርካቶው ስፌት፣ ግንቦት 16

እኔ እንደ ባለቤትሽ ሰፊ ነኝ፣ እዚሁ ጅማ። ከዚህ በፊት ሱቅ ዘግቼ ወደ አዳማ ሄጄ ስለነበር በንግድ ፈቃዱ በኩል የደረሰብኝን ልንገርሽ። ሱቁን ቆልፌ ቁልፉን ላከራየኝ ሰው ሰጥቼ ሄድኩ፣ ፈቃዱን ግን አልመለስኩም፣ ሱቅ ከሌለ ግብር የለም ብዬ ነው ያሰብኩት። ከ2 አመት በኋላ ስመጣ ውዝፍ ግብር ከነቅጣቱ ይጠብቀኝ ነበር፣ መዝገብ ላይ ሱቄ ክፍት ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ሐምሌ ሲገባ የአመቱን ግብር ይክፈል፣ ከዛ ፈቃዱን በማመልከቻ ይመልስና የተመለሰበትን ደብዳቤ ይቀበል፣ ከገቢዎችም ክሊራንስ ይውሰድ። ያ ክሊራንስ እዛ አዲስ ፈቃድ ሲያወጣ ይጠየቃል፣ ቲኑ ያው አንድ ነው አይቀየርም። የመብራት ቆጣሪ በስሙ ከሆነም እሱን አስተካክሎ ይሂድ።

ማሽኑን በተመለከተ፣ የእግር ሲንገር ከሆነ ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ይፍታው፣ ቀበቶውን ያውጣ፣ መርፌውን አውልቆ እግሩን በጨርቅ ላይ ያሳርፈው፣ ዘይቱን ይጥረግ፣ ከዛ ጭንቅላቱን በጋቢ ጠቅልሎ ከሰው ጋር ይሂድ እንጂ ከእቃ ስር አይሁን። የኔ አይሱዙ ላይ ፍራሽ ስር ሆኖ ሄዶ ዘንጉ ተጣመመ፣ ከዛ ወዲህ ስፌቱ ቀጥ ብሎልኝ አያቅም።


ማርዳ ማዶ፣ ግንቦት 16

ስለ መንገዱ አልጻፍኩም ነበር። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባ ጅግጅጋ 630 ገደማ፣ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እቃው በአይሱዙ ይሂድ፣ አንቺና ትንሿ ግን ከተቻላችሁ በፕሌን ሂዱ፣ ከጅማም አዲስ አበባ አለ ከአዲስ አበባም ጅግጅጋ አለ። በመኪና ከሆነ ሶስት ቀን አድርጉት፣ አዳማ እደሩ፣ ቀጥሎ ሐረር እደሩ፣ ሌሊት አትንዱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ደሞ መንገዱ እንዴት ነው ብላችሁ ሚመላለሱ ሹፌሮችን ጠይቁ። ባቢሌ ላይ ለልጆቹ ለውዝ ግዙላቸው።

የቤት እቃውን ዝርዝር በቀበሌ አስጽፋችሁ በማህተም ያዙ፣ ቁምሳጥን 1፣ ፍሪጅ 1፣ አልጋ 3 እያለ፣ ኬላ ላይ ሲጠየቅ ሹፌሩ ሚያሳየው ይኑረው። ከጅማ ስለምትወጡ ደሞ ቡና አደራ፣ ለቤት ምትጠጡት ያህል ብቻ። ዘመድ ለስንቅ ብሎ ጆንያ ቢሰጣችሁ አመስግናችሁ ተዉት፣ ያለ ፈቃድ ቡና መጫን ኬላ ላይ መኪናውን ከነእቃው ያስይዘዋል።


የሂርማታ ልጅ፣ ግንቦት 17

የረሳሁት፣ የጤና ምርመራና የፖሊስ አሻራ አዲስ ቅጥር ነው ካሉሽ ይጠይቁሻል፣ ግን እነዚህ ጊዜ ሲቆዩ አይቀበሏቸውም፣ ስለዚህ አሁን አትቸኩዪ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ አውጪ። ትራንስክሪፕቱን ግን አሁን ጠይቂ፣ በእጅ ሚሰጥ አይደለም ከሬጅስትራር ታሽጎ ነው ተቀባዩ መስሪያ ቤት ጋር ሚላከው፣ አድራሻውን በትክክል ከደብዳቤያቸው ላይ ገልብጪ። የተመረቅሽው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ እዛው ከተማ ስለሆንሽ ግማሽ ቀን ነው ሚወስድብሽ። ኮስት ሼሪንግሽን (የዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራቱን) በአገልግሎት ነው የከፈልሽው? ከሆነ ያስተማርሽባቸው አመታት ሚገልጽ ደብዳቤ አብረሽ ያዢ።


እናት መምህርት፣ ሐምሌ 16

ሰላም ወገኖቼ፣ ጠፍቼ አይደለም ወረቀት ላይ ነበርኩ። የደረስንበትን ልንገራችሁ፣ ሌላም ሰው ይጠቅመው ይሆናል።

ትለቀቅልን ሚለው ደብዳቤ ግንቦት 28 መጣ። ጅግጅጋ ያሉት መጀመሪያ አንጽፍም ነበር ያሉት፣ እህቴ በአካል ሄዳ አናግራቸው ነው የጻፉት። ትምህርት ጽህፈት ቤቱም ከሐምሌ 1 ጀምሮ ትለቀቃለች ብሎ መለሰ። ዋስ የሆንኩላት ጓደኛዬ ቃሏን ጠብቃ ባሏን በኔ ቦታ አስፈረመች፣ ከአጋሮ ድረስ መጥታ፣ እንጀራና ማር ይዛ። ቤተ ሙከራውን ሳስረክብ አንድ የአጽም ሞዴል እጁ ጎድሎ አገኘሁ፣ ተማሪዎቼን ስጠይቅ አንዱ ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቆ ሲያየው ሳይነግረኝ የቆየ ነው፣ ፈልጎ አምጥቶ በሽቦ አሰረልኝ። ሮስተሩን ዘግቼ ክሊራንሱ ሰኔ 29 ተፈረመ።

የግል ትምህርት ቤቱ 2 አመት ግን ገና ነው። አዲሱ ባለቤት ያን ጊዜ እኔ አልነበርኩም አለኝ። ገቢዎች ሄጄ ማመልከቻ አስገብቻለው፣ የ1ኛው አመት ተገኝቷል የ2ኛው እየተፈለገ ነው። የመጣው ይምጣ፣ ሳይያዝልኝ ቢቀርም ከመሄድ አያስቀረኝም።

ጋብቻችን ተመዘገበ። ካጋቡን 4 ሽማግሌዎች አንዱ አርፈዋል፣ ሁለቱ አዲስ አበባ ናቸው፣ አንዱ ግን እዚሁ ኮቺ ናቸው 80 አልፏቸዋል፣ በባጃጅ አምጥተናቸው ፈረሙልን። ሲፈርሙ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጸሃፊዋ አሻራ ይሁን አባባ ብትላቸው አይሆንም እኔ ፊደል ቆጥሬያለሁ አሉ። ስማቸውን ሙሉውን ነው የጻፉት፣ ሁላችንም ዝም ብለን ጠበቅናቸው።

የትልቋ ሰርተፍኬት በሲ ኤች ተጽፎ ወጣ፣ መሸኛዋ ላይም ሁለቱም አጻጻፍ አለ። የ8ኛ ውጤት አልመጣም፣ ለወንድሜ ውክልና ሰጥቼዋለው ተዘርዝሮ። ትንሿ የ9 ወሯን ተከትባለች። ወንዱ "ሸ" ላይ ደርሷል፣ በየቀኑ ማታ ማታ ነው ምናስቆጥረው፣ እህቱ ናት ምታስተምረው። የባለቤቴ ፈቃድ ተመልሷል ደብዳቤው ፎልደር ውስጥ ነው። ሲንገሩን ትላንት ፈታው፣ ጋቢ ውስጥ ጠቅልሎ በሩ ጋር አስቀምጦታል።

እቃው ነሐሴ 5 ይጫናል፣ ዋናው ዋናው ወረቀት ግን በእጅ ቦርሳዬ ነው ሚሄደው። ማርዳ ማዶ፣ ወንዱ ልጄ ያን ሸን ያለውን ልጅህን ማወቅ ይፈልጋል፣ እድሜያቸው ይቀራረባል?


ማርዳ ማዶ፣ ሐምሌ 16

11 አመቱ ነው። ስትደርሱ በዚሁ ጻፊልኝ፣ እኔና እሱ ወጥተን እንቀበላችኋለን። ለውክልና የሰጠሽው ወንድምሽ የ8ኛውን ውጤት ሲቀበል ፎቶ አንስቶ ቀድሞ ይላክልሽ፣ 9ኛ ክፍል ምዝገባ ላይ እሱንም አይተው ስሟን ይይዙላታል፣ ዋናው ሲደርስ ታስገቢያለሽ።


እናት መምህርት፣ ሐምሌ 17

እሺ እነግረዋለው። ገለቶማ።